አንድ ቁና ስንት ኪሎ ነው?

በገበያ ቀን በፍኖተ ሰላም ወይም በቡሬ እህል ተራ የተገኘ ሰው ሁለት ዓይነት የመለኪያ ሥርዓቶች ጎን ለጎን ሲሠሩ ይመለከታል። ነጋዴው ጆንያውን ሚዛን ላይ አውጥቶ ኪሎውን ይቆጥራል፤ ከእርሱ ጥቂት ራቅ ብለው የተቀመጡ ሻጮች ደግሞ ጤፉን፣ ዳጉሳውንና ሽምብራውን በጣሳና በቁና እየሰፈሩ ይሸጣሉ። በየቤቱም ሁኔታው ከዚህ የተለየ አይደለም። ድፎ ዳቦ የሚጋግሩ እናቶች «አምስት ብርጭቆ ዱቄት፣ አንድ ማንኪያ እርሾ» ሲሉ፣ የከተማው ዳቦ ጋጋሪ ግን ዱቄቱን በኪሎ፣ ጨውን በግራም ይቀምራል። ከአንዱ ሥርዓት ወደ ሌላው መሻገር ባስፈለገ ጊዜ «አንድ ቁና ስንት ኪሎ ነው?»፣ «አንድ ብርጭቆ ዱቄትስ ስንት ግራም ይሆናል?» የሚሉ ጥያቄዎች ይነሣሉ። ውድ አንባቢያን፣ ሁለቱ በሳይንስ ዓይን አንድ ጥያቄ ናቸው። ያለ ምንም ማመንታት አንድ ቁጥር መልስ የሚሰጥ ሰው ሲገጥመን ግን ልንጠራጠረው ይገባል።

ጉዳዩ በወጥ ቤት ብቻ የሚቀር አይደለም። በክረምት ጎተራው የተሟጠጠበት ገበሬ አምስት ቁና በቆሎ ተበድሮ ምርት ሲገባ አምስት ቁና ቢመልስ፣ የወሰደውን ያህል መለሰ ማለት ነውን? አበው «በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም» ይላሉ። ተረቱ ቁናው ያው እንደሆነ፣ የሰፋሪውም እጅ እንዳልተለወጠ አድርጎ ይነሣል። እነዚህ ሁለት ግምቶች ምን ያህል እንደሚያዛልቁ በሒሳብ እንፈትሻለን፤ ከዚያም ያለ ውድ መሣሪያ፣ በአንድ ዱላና በውኃ፣ የራሳችንን የመለወጫ ሠንጠረዥ እንዴት እንደምናዘጋጅ እንመለከታለን።

አንድና ሩብ አንድ ሲሆኑ

በቅድሚያ አንድ ቀላል ሙከራ እናድርግ። አንድ ብርጭቆ እስከ አፉ በደረቅ በቆሎ ሙሉ። በሌላ ብርጭቆ ሩብ ያህል ጤፍ ስፈሩ። አሁን ጤፉን በበቆሎው ላይ ጥቂት በጥቂት እያፈሰሳችሁ ብርጭቆውን ቀስ ብላችሁ ነቅንቁት። ጤፉ በበቆሎው ፍሬዎች መካከል እየሰረገ ይወርዳል፤ በመጨረሻም ከሞላ ጎደል ሁሉም በዚያው በሞላ ብርጭቆ ውስጥ ይገባል። አንድ ሲደመር ሩብ አንድ ሆነ ማለት ነው!

ያንኑ ሙከራ በሚዛን ብናደርገው እንዲህ ያለ እንቆቅልሽ አይገጥመንም። 240 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ብርጭቆ በቆሎ 173 ግራም ገደማ፣ ሩብ ብርጭቆ ጤፍ ደግሞ 50 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ሁለቱ ሲቀላቀሉ ሚዛኑ 223 ግራም ያሳያል እንጂ አንዲት ግራም አትጎድልም። መጠነ ቁስ ይደመራል፤ የክምር ይዘት ግን ሁልጊዜ አይደመርም። ምክንያቱም በቁና ስንሰፍር የምንሰፍረው እህልን ብቻ አይደለም፤ በፍሬዎቹ መካከል የተቀመጠውን አየርም አብረን እንሰፍራለን። የቁና ወደ ኪሎ ጥያቄ በመሠረቱ «በዚህ ዕቃ ውስጥ ስንት እጁ አየር ነው?» የሚል ጥያቄ ነው።

ስለዚህ አየር መጠን ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። «ጤፍ ደቃቅ ስለሆነ አየር አያስገባም፤ ስለዚህም ከበቆሎ ይልቅ ቁናውን ይሞላል» ሲባል እንሰማለን። ነገሩ ትክክል ይመስላል፤ ዳሩ ግን የፍሬው ማነስ ብቻውን የአየሩን ድርሻ አይቀንሰውም። በአንድ ጆንያ የታጨቁ ብርቱካኖችን ፎቶግራፍ አንሥተን ብናሳንሰው ብርቱካኖቹም ክፍተቶቹም በእኩል መጠን ያንሳሉ፤ ድርሻቸው ግን አይለወጥም። የጤፍ ክፍተቶች እጅግ ጠባብ ናቸው፤ ቁጥራቸው ግን እጅግ ብዙ ነው። አንድ ሺህ የጤፍ ፍሬ 0.3 ግራም ገደማ ስለሚመዝን፣ በአንድ ኪሎ ጤፍ ውስጥ ወደ ሦስት ሚሊዮን የሚጠጉ ፍሬዎች አሉ።

ይህ ጉዳይ በሒሳብ ዓለም ረጅም ታሪክ አለው። ጀርመናዊው ዮሐንስ ኬፕለር በ1611 እ.ኤ.አ. እኩል መጠን ያላቸው ሉሎች ምንም ያህል በጥንቃቄ ቢደረደሩ ከዕቃው 74 በመቶ ገደማ የሚበልጠውን ሊሞሉ አይችሉም ሲል ገመተ። ግምቱ በማስረጃ ሳይረጋገጥ ወደ አራት መቶ ዓመት ቆየ፤ አሜሪካዊው ቶማስ ሄልስ ማረጋገጫውን በ1998 እ.ኤ.አ. ይፋ አደረገ፤ በኮምፒዩተር የተደረገው ሙሉ ፍተሻም በ2014 እ.ኤ.አ. ተጠናቀቀ። እንዲያው በዘፈቀደ የፈሰሱ ሉሎች ደግሞ ሲነቀነቁ 64 በመቶ ገደማ፣ ሳይነቀነቁ ከዚያ ያነሰ ብቻ ይሞላሉ። እንግዲህ ሉል በሚመስል ፍሬ የተሞላ ቁና አንድ ሦስተኛው ወይም ከዚያ በላይ አየር ነው ማለት ነው። የእህል ዓይነቶችን የሚለያየው የፍሬው ቅርጽ፣ የገጹ ልስላሴ፣ ገለባው፣ የራሱ የፍሬው እፍግታና እርጥበቱ ነው።

እዚህ ላይ ጥቂት ቁጥሮችን እናስቀምጥ። በአንድ ሊትር ዕቃ ውስጥ የሚገባው እህል ክብደት፣ ማለትም የክምር እፍግታው፣ ለስንዴ 0.77፣ ለበቆሎ 0.72፣ ለገብስ 0.62 ኪሎ ገደማ ነው። ደረቅ ጤፍ 0.84 አካባቢ ይደርሳል። ስለዚህ በትክክል አምስት ሊትር የሚይዝ ቁና በእንጨት ተጠርጎ ከአፉ እኩል ቢሰፈር ከጤፍ 4.2፣ ከስንዴ 3.9፣ ከበቆሎ 3.6፣ ከገብስ ደግሞ 3.1 ኪሎ ይሰጣል። አንዱ ቁና አራት የተለያዩ ኪሎዎች አሉት።

የዱቄት ጠባይ

እህሉ ወፍጮ ቤት ገብቶ ሲወጣ ነገሩ ይባስ ይወሳሰባል። የበቆሎ ወይም የስንዴ ፍሬ ከባድ ስለሆነ በራሱ ክብደት ተንሸራቶ ቦታውን ይይዛል። የዱቄት ቅንጣት ግን የሚሊሜትር አሥረኛ ወይም ከዚያ በታች ነው። የቅንጣቱ መጠን በግማሽ ሲቀንስ ክብደቱ ወደ ስምንተኛ ይወርዳል፤ ቅንጣቶቹ እርስ በርሳቸው የሚሳሳቡበት ኃይል ግን በዚያ ፍጥነት አይቀንስም። በመሆኑም በደቃቅ ዱቄት ውስጥ መሳሳቡ ክብደቱን ያሸንፋል፤ ቅንጣቶቹ ተያይዘው በመካከላቸው ሰፊ ክፍተት ያለባቸው ትንንሽ ቅስቶችን ይሠራሉ። እነዚህን ቅስቶች ጣት፣ ማንኪያ ወይም አንድ ጊዜ ጠረጴዛ ላይ መታ ማድረግ ያፈርሳቸዋል።

ውጤቱን በቁጥር እንየው። በ240 ሚሊ ሊትር ብርጭቆ ላይ የስንዴ ዱቄት በወንፊት ቢነፋበት 115 ግራም ገደማ ይይዛል። በማንኪያ ቀስ ተብሎ ቢሞላ 125 ግራም ይሆናል። ብርጭቆው ራሱ ዱቄቱ ውስጥ ተነክሮ ጭልፍ ተደርጎ ቢወጣ 150 ግራም ይደርሳል፤ በእጅ ቢጠቀጠቅ ደግሞ ከዚያም ያልፋል። ብርጭቆው ያው፣ ዱቄቱም ያው ነው፤ የተለወጠው እጅ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ድፎ ዳቦው እንመለስ። አምስት ብርጭቆ ዱቄት በ400 ሚሊ ሊትር ውኃ ይቦካ እንበል። በወንፊት የነፋው ሰው 575 ግራም ዱቄት አለው፤ ውኃው ከዱቄቱ 70 በመቶ ይሆናል። ጭልፍ ያደረገው ሰው 750 ግራም አለው፤ ውኃው 53 በመቶ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ሊጥ እጅ ላይ የሚጣበቅና በኮባ ቅጠሉ ላይ የሚንሰራፋ ነው፤ ሁለተኛው ደረቅና ሲጋገር የሚሰነጠቅ ነው። ሁለቱም ሰዎች ግን «አምስት ብርጭቆ» የሚለውን መመሪያ ሳያዛንፉ ፈጽመዋል። ጋጋሪዎች ዱቄቱን ሁልጊዜ መቶ አድርገው ውኃውን 60፣ ጨውን 2 እያሉ ከእርሱ አንጻር በመቶኛ የሚቀምሩት ከዚህ አደጋ ለመዳን ነው።

ታዲያ እናቶቻችን በብርጭቆ እየሰፈሩ ያን የመሰለ ዳቦ እንዴት ሊያወጡ ቻሉ? መልሱ ብርጭቆው መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አለመሆኑ ነው። ሊጡን እያሹ እጃቸው ሲነግራቸው ውኃ ወይም ዱቄት ይጨምራሉ። ችግሩ የሚመጣው ያ ዕውቀት በቃል ወይም በስልክ ወደ ሌላ ቤት ሲሻገር ነው፤ ብርጭቆው ይሻገራል፣ እጁ ግን አይሻገርም። አሜሪካዊቷ ፋኒ ፋርመር በ1896 እ.ኤ.አ. በቦስተን ባሳተመችው የምግብ አሠራር መጽሐፍ ማንኪያውም ኩባያውም ከአፉ እኩል ተጠርጎ እንዲሰፈር ያስተማረችው ይህንኑ ክፍተት ለማጥበብ ነበር። ጠረጋው ክምሩን ያስቀራል፤ ከአፉ በታች ያለውን መጠቅጠቅ ግን አያስቀርም።

ክምሩ የማን ነው?

ክምር ካነሣን፣ ወደ ገበሬው አምስት ቁና መመለስ አለብን። እህል ሲቆለል ሾጣጣ ቅርጽ ይይዛል፤ የሾጣጣው ጎን ዝንባሌ እንደ እህሉ ዓይነት ይለያያል። ለደረቅ በቆሎ 27 ዲግሪ ብንወስድ ታንጀንቱ 0.51 ነው። የአፉ ራዲየስ ራ የሆነ ቁና ላይ የሚቆመው ክምር ይዘት የፓይ፣ የራ ሦስተኛ ኃይልና የታንጀንቱ ብዜት ለሦስት ሲካፈል ነው። ራዲየሱ በሦስተኛ ኃይል እንደገባ ልብ በሉ፤ የአፉ ስፋት እጥፍ ሲሆን ክምሩ ስምንት እጥፍ ይሆናል።

ሁለት ቁናዎችን እናወዳድር። አንዱ ራዲየሱ 10 ሴንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱ 16 ሴንቲ ሜትር ነው። ሌላው ሰፊና ገበታ መሰል ሆኖ ራዲየሱ 15፣ ጥልቀቱ 7.1 ሴንቲ ሜትር ነው። ሁለቱም ተጠርገው ቢሰፈሩ አምስት ሊትር ይይዛሉ፤ በዳኛ ፊት ውኃ ተሞልተው ቢፈተኑም እኩል ናቸው ይባላል። ሲቆለሉ ግን ጠባቡ ግማሽ ሊትር ገደማ ብቻ ሲጨምር፣ ሰፊው 1.8 ሊትር ይጨምራል። ይህም በበቆሎ 1.3 ኪሎ ነው። በክረምት አምስት ቁና ተጠርጎ የተሰጠው ተበዳሪ 18 ኪሎ ወሰደ፤ በመኸር በሰፊው ቁና አምስቱን ቆልሎ ሲመልስ 24.5 ኪሎ ሰጠ። ማንም ወለድ ብሎ ያልጠራው ወለድ 36 በመቶ ሆነ ማለት ነው፤ ያውም በጥቂት ወራት ውስጥ። በቁጥር ግን አምስት ሄደ፣ አምስት ተመለሰ።

ይህ ከጎጃም አልፎ በብዙ አገር የታየ ነገር ነው። ፖላንዳዊው የታሪክ ተመራማሪ ቪቶልድ ኩላ በ1970 እ.ኤ.አ. ስለ መለኪያዎችና ስለ ሰዎች ባሳተመው መጽሐፍ፣ በአውሮፓ ገበሬውና ባላባቱ በተጠረገና በተቆለለ መስፈሪያ፣ በሰፊና በጠባብ አፍ፣ እህሉ ከምን ያህል ከፍታ እንደሚፈስ ሳይቀር ለዘመናት ሲከራከሩ እንደኖሩ በሰፊው ያስረዳል። ከፍታው ለምን ያከራክራል ቢባል፣ ከላይ የተወረወረ እህል ተጠቅጥቆ ስለሚቀመጥ ነው። በ1789 እ.ኤ.አ. የፈረንሳይ ሕዝብ ለንጉሡ ካቀረባቸው አቤቱታዎች መካከል አንድ ወጥ መለኪያ ይሰጠን የሚለው በተደጋጋሚ ይገኛል፤ የሜትሪክ ሥርዓት ሕግ በ1795 እ.ኤ.አ. የወጣውም በዚያ አብዮት ወቅት ነው።

በአገራችን ሪቻርድ ፓንክረስት በ1969ና በ1970 እ.ኤ.አ. ስለ ኢትዮጵያ መለኪያዎችና ክብደቶች ታሪክ ባሳተሙት ጥናት የባህል መስፈሪያዎች ከአንድ አካባቢ ወደ ሌላው እንደሚለያዩ አሳይተዋል። በተለምዶ ሃያ ቁና አንድ ዳውላ ነው ይባላል፤ ዳውላን ከኩንታል ጋር እኩል የሚያደርጉም አሉ። በምሳሌያችን ቁና ሒሳቡን ብንሠራው፣ ሃያ የተጠረገ ቁና ስንዴ 77 ኪሎ ብቻ ይመዝናል፤ ሃያ በሰፊው ቁና የተቆለለ ግን 105 ኪሎ ገደማ ይሆናል። «ዳውላ መቶ ኪሎ ነው» የሚለው ሰውና «አይደርስም» የሚለው ሰው ሁለቱም እውነት ሊናገሩ ይችላሉ።

በ1963 እ.ኤ.አ. የሜትሪክ ሥርዓት በአገራችን በሕግ ከጸና በኋላ ኩንታል መቶ ኪሎ መሆኑ ታወቀ። ይሁን እንጂ በገጠሩ «ኩንታል» የሚለው ቃል የክብደት ስም ከመሆኑ ጋር የጆንያው ስምም ሆኖ ቀርቷል። መቶ ኪሎ ስንዴ የሞላው ጆንያ በገብስ ቢሞላ 80 ኪሎ፣ በጤፍ ቢሞላ ደግሞ 109 ኪሎ ያህል ይይዛል። አሜሪካውያን ተመሳሳይ ጣጣ የፈቱት በሚያስገርም መንገድ ነው። ቡሼል የተባለው መስፈሪያቸው መጀመሪያ 35.24 ሊትር የሚይዝ ዕቃ ነበር፤ ኋላ ግን ለእያንዳንዱ እህል የቡሼሉ ክብደት ተወሰነ። የስንዴ ቡሼል 27.2 ኪሎ፣ የበቆሎው 25.4፣ የገብሱ 21.8፣ የአጃው 14.5 ኪሎ ነው። ዕቃው ጠፍቶ ስሙ ብቻ ቀረ፤ ዛሬ በአሜሪካ የእህል ንግድ «አንድ ቡሼል» ሲባል የሚታሰበው ሚዛን ነው። ከላይ ለስንዴ፣ ለበቆሎና ለገብስ የሰጠናቸው የክምር እፍግታዎችም ከእነዚሁ ቁጥሮች የተሰሉ ስለሆኑ ለመነሻ ያገለግላሉ፤ የወምበርማ በቆሎ ግን በራሱ መመዘን አለበት።

ሚዛንም ቢሆን ሁሉን ነገር አይፈታም። በቂ ያልደረቀ፣ 18 በመቶው ውኃ የሆነ መቶ ኪሎ በቆሎ የገዛ ሰው፣ እህሉ ወደ 13 በመቶ እርጥበት ሲደርቅ 94 ኪሎ ገደማ ብቻ ይቀረዋል። ስድስቱን ኪሎ የገዛው ውኃ ነው። እርጥበቱ ከ13 እና 14 በመቶ በላይ ሆኖ የተከማቸ በቆሎ ለሻጋታ፣ ከሻጋታውም ለሚመነጨው አፍላቶክሲን ይጋለጣል። ጤፍም እርጥበቱ ሲጨምር የክምር እፍግታው እንደሚቀንስ ተለክቶ ታውቋል፤ እርጥብ ጤፍ በቁና የሚሸምት ሰው ከደረቁ ያነሰ ክብደት፣ በዚያም ላይ ውኃ የተቀላቀለበት ይደርሰዋል።

ሚዛን ከዱላና ከውኃ

አሁን ወደ ተግባሩ እንግባ። ሚዛን የሌለው ተማሪ በ60 ሴንቲ ሜትር ቀጥ ያለ ዱላ፣ በገመድና በሁለት እኩል ፌስታሎች ጥሩ ሚዛን መሥራት ይችላል። ዱላውን መሐሉ ላይ አስራችሁ አንጠልጥሉ፤ ፌስታሎቹን በሁለቱ ጫፍ ስቀሉ፤ ባዶ ሳሉ ዱላው አግድም እስኪሆን ማሰሪያውን አስተካክሉ። በአንዱ ፌስታል አንድ ብርጭቆ ዱቄት ጨምሩ። በሌላው ውኃ እየለካችሁ አፍስሱ፤ ለመለኪያ የግማሽ ሊትር የውኃ ጠርሙስና መርፌው የወለቀ የ10 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ ይበቃል። ዱላው ሲስተካከል የፈሰሰው ውኃ በሚሊ ሊትር የዱቄቱ ክብደት በግራም ነው። የሜትሪክ ሥርዓት ፈጣሪዎች በ1795 እ.ኤ.አ. ግራምን የበየኑት በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ውኃ ነበርና ውኃ ይህን አገልግሎት የሚሰጠን በአጋጣሚ አይደለም። ኪሎግራም ከግንቦት 2011 ዓ.ም. (2019 እ.ኤ.አ.) ወዲህ የሚበየነው በፕላንክ ቋሚ ቁጥር ቢሆንም፣ በክፍል ሙቀት የውኃው ስሕተት ከሺህ ሁለት ግራም ብቻ ስለሆነ ለዳቦ አያሳስብም።

የዱላው ሁለት ክንዶች እኩል መሆናቸውን ከተጠራጠራችሁ ዱቄቱን አንድ ጊዜ በቀኝ፣ አንድ ጊዜ በግራ መዝኑ፤ ሁለቱን ውጤቶች አባዝታችሁ የብዜቱን ዳግም ዘር ውሰዱ። በቀኝ 120፣ በግራ 130 ቢመጣ እውነተኛው 124.9 ነው። ለምን እንደሚሠራ ከመንሻ ሕግ ተነሥታችሁ ብታረጋግጡት መልካም መልመጃ ይሆናችኋል።

ዱቄቱን በለመዳችሁት አሰፋፈር አምስት ጊዜ ሞልታችሁ አምስት ጊዜ መዝኑ፤ አማካዩን ሠንጠረዡ ላይ፣ በትልቁና በትንሹ መካከል ያለውን ልዩነት ከጎኑ ጻፉ። ለስኳርና ለጤፍ ልዩነቱ ጥቂት ግራም ይሆናል፤ ለዱቄት ከ10 ግራም በላይ ከሆነ እጃችሁ ገና አልጸናም ማለት ነው። ፈሳሾች አየር ስለማያስገቡ ከአንድ ጊዜ በላይ መመዘን አያስፈልጋቸውም፤ ሊትሩ ዘይት 0.92፣ ወተት 1.03፣ ማር ደግሞ 1.42 ኪሎ ገደማ ነው። የጎጃም ማር በሊትር ጠርሙስ የሚሸጥ ሰው «ሊትር ያው ኪሎ ነው» ብሎ ዋጋ ከቆረጠ ከ400 ግራም በላይ በነጻ ሰጠ።

ጨውና እርሾ በዱላ ሚዛን ለመመዘን እጅግ ያንሳሉ። ስለዚህ አሥር የሻይ ማንኪያ የተጠረገ ጨው በአንድነት መዝናችሁ ለአሥር አካፍሉ፤ ለደቃቅ ጨው ወደ 6 ግራም፣ ለደረቅ እርሾ ወደ 3 ግራም ይመጣላችኋል። ድንጋያማው ጨው የራሱ ቁጥር ይኑረው። ለ750 ግራም ዱቄት 2 በመቶ ጨው 15 ግራም፣ ማለትም ሁለት ማንኪያ ተኩል ነው።

እርሾውን በተመለከተ አንድ ነገር እንጨምር። ፍኖተ ሰላም 1,900 ሜትር፣ ቡሬ 2,100 ሜትር ገደማ ከባሕር ወለል በላይ ናቸው፤ በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው አምስት እጅ አራቱ ያህል ነው። እርሾው የሚያወጣው ጋዝ በዚያው ልክ የበለጠ ስለሚለጠጥ፣ ለቆላማ አገር የተጻፈ መመሪያ ላይ ያለው ሰዓት ለቡሬ ይበዛል። እዚህ ላይ ሚዛኑ አይረዳንም፤ ሊጡ ኩፍ ሲል ክብደቱ አይጨምርምና የሚለካው በይዘት ነው። ከሊጡ ጥቂት ቆንጥራችሁ በጠባብ ብርጭቆ ውስጥ ጠቅጥቁ፣ ከፍታውን በክር ወይም በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉ፣ የምልክቱን እጥፍ ሲደርስ ምጣዱን ጣዱ።